ወለል በመጥረጊያ ወይስ በቫኪዩም? ከአቃቂ ቃሊቲ አቧራ ጋር የተደረገ ሒሳብ

አቃቂ ቃሊቲ የሚኖር ሰው አቧራን በቀለሙ ይለየዋል፡፡ ጠቆር ያለው የሜዳው ኮትቻ አፈር ነው፡፡ ክረምት ላይ ጫማ የሚነቅል ጭቃ የነበረው፣ ጥቅምት ሲገባ ይሰነጣጠቅና በመኪና ጎማ ተፈጭቶ በመስኮት ይገባል፡፡ ግራጫው በየአቅጣጫው ከማያልቀው ግንባታ የሚመጣ የሲሚንቶና የአሸዋ ዱቄት ነው፡፡ በጣት ሲነካ የሚያጣብቀው፣ ቅባት የቀላቀለው ደግሞ ከዋናው መንገድ ነው፡፡ የአገሪቱ የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል እንደሚያልፍ ይታወቃል፤ ይህን ዕቃ የሚያመላልሱ ከባድ መኪኖች ደግሞ ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ ሲመጡም ሲመለሱም በእኛው ሰፈር ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2014 የተመረቀው የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ የተወሰነውን ትራፊክ ቢያነሳልንም፣ መነሻው እዚሁ ቱሉ ዲምቱ በመሆኑ ከነጭራሹ አልተገላገልንም፡፡ የየቤቱን ከሰልና ዕጣን ስንጨምርበት ወለላችን በቀን ሁለቴ ቢጠረግም አይበዛበትም፡፡

ጥያቄው በምን ይጠረግ የሚለው ነው፡፡ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ቫኪዩም ክሊነር ከሆቴልና ከኤምባሲ ወጥቶ ወደ ኮንዶሚኒየም ቤቶች ገብቷል፡፡ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይዞት ይመጣል፤ ከመርካቶ አዲሱም ያገለገለውም ይገዛል፡፡ የገዙት ሰዎች ግን ሁለት ወገን ናቸው፡፡ አንደኛው ወገን «ያለ እሱ እንዴት ኖርኩ» ይላል፡፡ ሌላው ወገን ዕቃውን ቁምሳጥን ላይ ሰቅሎ ወደ መጥረጊያው ተመልሷል፡፡ እኔ የጉዳዩን ሥር ለማወቅ የተገደድኩበት ምክንያት ትንሿ ልጄ ናት፡፡ አስም አለባት፡፡ ሐኪሟ «ልጅቷ ባለችበት ክፍል ደረቅ ወለል እንዳትጠርጉ» ሲለን፣ እንግዲያው በምን እናጽዳ የሚለው ጥያቄ የቤት አስተዳደር ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የመድኃኒት ያህል አሳሳቢ ሆነ፡፡ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን፣ የሞከርኩትንና ቤታችን ውስጥ የሠራውን ነው እዚህ የማቀርበው፡፡ የማወራው ስለ ጠንካራ ወለል ነው፤ ሊሾ፣ ሴራሚክ፣ ፕላስቲክ ታይል፣ ቴራዞ፣ ፓርኬና ጣውላ፡፡ ምንጣፍ ሌላ ጉዳይ ነው፡፡

ስለ አቧራ መጠን ሳናወራ ስለ መጥረጊያ ማውራት አይቻልም፡፡ የሰው ፀጉር ውፍረት በአማካይ ከ50 እስከ 70 ማይክሮን ይሆናል፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው፡፡ በዓይናችን የምናየው አሸዋና የዳቦ ፍርፋሪ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ ቢነሳም በሰከንዶች ውስጥ ተመልሶ ይወድቃል፡፡ ችግሩ ከዚያ በታች ያለው ነው፡፡ 10 ማይክሮን የሆነ ብናኝ አየሩ ፀጥ ባለበት ክፍል ውስጥ ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ፣ ማለትም ከአፍንጫችን አካባቢ፣ ወለል ለመድረስ ስምንት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፡፡ 2.5 ማይክሮን የሆነው ሁለት ሰዓት ይቆያል፡፡ አንድ ማይክሮን የሆነው ደግሞ ግማሽ ቀን ያህል፡፡ ይህ እንግዲህ በር ሳይከፈት፣ ሰው ሳይራመድ ነው፡፡ ቤት ውስጥ ልጆች በሚሯሯጡበት ሁኔታማ ጭራሽ የሚያርፍበት ጊዜ የለም፡፡

ትልቁ አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፡፡ 10 ማይክሮንና ከዚያ በታች የሆነው ወደ አየር ቧንቧ ይዘልቃል፤ ከ2.5 ማይክሮን በታች ያለው እስከ ሳንባ ከረጢቶች ይደርሳል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ለደቃቁ ብናኝ የፈቀደው የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 5 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው፡፡ የጨው ቅንጣት አንዷ ከዚህ በብዙ እጥፍ ትከብዳለች፡፡

አሁን መጥረጊያውን እንመልከት፡፡ ደረቅ መጥረጊያ ሲጎተት ሁለት ነገር ያደርጋል፡፡ ትልቁን ቆሻሻ እየገፋ ይሰበስባል፤ ይህን ሥራውን ማንም አይወስድበትም፡፡ ደቃቁን ግን ጭረቶቹ እየፈናጠሩ ወደ አየር ይልኩታል፡፡ ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ጨረሩ ውስጥ ሲጨፍር የምናየው የዚህ ውጤት ነው፡፡ የምናየው ደግሞ ከፍ ከፍ ያለውን ብቻ ነው፡፡ ጠርገን፣ እጃችንን ታጥበን፣ ንጹሕ ቤት ውስጥ ቡና ለመጠጣት ስንቀመጥ አየሩ ከመጥረጋችን በፊት ከነበረው የባሰ ነው ማለት ነው፡፡ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑ ላይ የምናገኘው ስስ አቧራ ከውጭ የመጣ ይመስለናል፤ ጥሩ ድርሻው ከገዛ ወለላችን የተነሳ ነው፡፡ እኔ ይህን በነጭ ሶፍት አረጋግጫለሁ፡፡ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ ሳሎኑ በደረቁ እንዲጠረግ አድርጌ፣ መስኮት ዘግቼ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሶፍቱን ሳሳርፍበት ግራጫ ሆነ፡፡ በሌላ ቀን መስኮቱ እንደተዘጋ፣ ያለ መጥረግ፣ ለተመሳሳይ ጊዜ ብተወው ሶፍቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ ለማለት ይቻላል፡፡

ይህ ነገር የእኛ ቤት ጭንቀት ብቻ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ ልጥቀስ፡፡ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ሲሊካ አቧራ ባወጣው ደንብ፣ አቧራው ሠራተኛውን የሚያጋልጥ እስከሆነ ድረስ በደረቅ መጥረግን ከልክሏል፤ የሚፈቀደው እርጥብ መጥረግ ወይም ሄፓ ማጣሪያ ባለው ቫኪዩም ማጽዳት ካልተቻለ ብቻ ነው፡፡ ሲሊካ ማለት በአሸዋ፣ በድንጋይና በኮንክሪት ውስጥ ያለው ማዕድን ነው፡፡ ደንቡ የወጣው ለግንባታና ለፋብሪካ ሠራተኞች እንጂ ለሳሎን ባለመሆኑ አንድ አድርጎ ማየት አይገባም፡፡ ቢሆንም ፊት ለፊቱ ሕንፃ እየተገነባ ያለ ሰው የወለሉ አቧራ ከምን እንደተሠራ ያውቃል፡፡

እዚህ ላይ እናቶቻችንን ማመስገን ተገቢ ነው፡፡ የድሮ ሰው በደረቁ አይጠርግም ነበር፡፡ በጣቱ ውሃ ረጨት ረጨት ያደርግና አፈሩ ውሃውን እስኪጠጣ ጥቂት ይታገሣል፤ ከዚያ ነው መጥረጊያው የሚነሳው፡፡ እርጥበት ደቃቁን ከደቃቁ ጋር አጣብቆ ያከብደዋል፤ የከበደ ደግሞ አይበርም፡፡ ከዚህ የተሻለ ዘዴ በነጻ አይገኝም፡፡ የኮንዶሚኒየም ኑሮ ይህን ልማድ ያስረሳን ወለሉ ስለተለወጠ ይመስለኛል፡፡ ሴራሚክ ላይ ውሃ ቢረጩ አቧራው ጭቃ ሆኖ ይጋገራል፣ ያንሸራትታልም፡፡ አክስቴ ደግሞ «ማታ ቤት አይጠረግም፣ ሀብት ይወጣል» ትል ነበር፡፡ ሀብቱን አላውቅም፤ ነገር ግን ልጆች ሊተኙ ሲሉ አቧራ አለማስነሳት ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም ሐሳቡ ጥሩ ነው፡፡

ለሊሾ ወለል የሚሆን ሌላ አሮጌ ዘዴ አለ፤ እርጥብ ሰጋቱራ፡፡ ከእንጨት ቤት የሚገኘውን ሰጋቱራ በውሃ አርሶ፣ ጨምቆ፣ ወለሉ ላይ በትኖ ከዚያ መጥረግ፡፡ ደቃቁ አቧራ ሰጋቱራው ላይ ተለጥፎ ይወጣል፡፡ ለትልቅ አዳራሽ፣ ለጋራዥና ለመጋዘን አሁንም እመክረዋለሁ፡፡ የቡና አተላ ግን ፈዛዛ ሲሚንቶ ላይ ቀለም ይተዋልና አይሞከር፡፡

ሊሾን ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ ጎረቤቶቼን የሚያማርር ነገር ስላለ ትንሽ ልቆይበት፡፡ «ጠርጌ ጠርጌ አላልቅ አለኝ» የሚል ሰው ቤት ገብቼ ወለሉን በመዳፌ ስዳብሰው፣ መዳፌ ነጭ ከሆነ አቧራው ከውጭ አልመጣም፤ ወለሉ ራሱ ነው የሚፈርሰው፡፡ ሲሚንቶው ሲቦካ ውሃ ከበዛበት፣ ወይም ከተለሰነ በኋላ በቂ ውሃ ሳይጠጣ ቶሎ ከደረቀ የላይኛው ሽፋን ደካማ ይሆንና በተረገጠ ቁጥር ዱቄት ይሰጣል፡፡ እንዲህ ያለውን ወለል መጥረጊያም ቫኪዩምም አይፈውሰውም፤ እንዲያውም ጠንካራ መጥረጊያ ያባብሰዋል፡፡ መፍትሔው ወለሉን በኮንክሪት ማጠንከሪያ ፈሳሽ ወይም በወለል ቀለም መሸፈን፣ አለዚያም ታይል ማንጠፍ ነው፡፡ ለቫኪዩም የታሰበውን ገንዘብ እዚህ ላይ ማዋል ይሻላል፡፡

ሌሎቹን ወለሎች በአጭሩ፡፡ ፓርኬና ጣውላ ውሃ አይወዱም፤ አሸዋ ደግሞ ይፍቃቸዋል፡፡ ስለዚህ ከሁሉም በላይ ቫኪዩም የሚጠቅማቸው እነሱን ነው፡፡ ሴራሚክ ራሱ ቻይ ነው፤ ቆሻሻው የሚቀመጠው በመጋጠሚያዎቹ መካከል ነው፡፡ ቴራዞ ላይ ሎሚና አቼቶ አይፈስም፤ ሲሚንቶውንና የእብነ በረዱን ፍንካች አሲድ ይበላዋል፡፡ ፕላስቲክ ታይል በማንኛውም ይጸዳል፡፡

ቫኪዩም እንዴት መጣ የሚለው ታሪክ ለጥያቄያችን ቀጥተኛ መልስ አለው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1901 ሁበርት ሴሲል ቡዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በሞተር የሚስብ የመጀመሪያውን ማሽን ሠራ፡፡ ከዚያ በፊት የነበሩት መሣሪያዎች አየር እየነፉ አቧራውን የሚያባርሩ ነበሩ፤ ቡዝ ለምን አይሳብም ብሎ ጠየቀ፡፡ ማሽኑ በፈረስ ጋሪ ተጎትቶ ደጃፍ ላይ ይቆምና ቧንቧው በመስኮት ይገባ ነበር፡፡ ወደ ቤት የገባው ግን በሌላ ሰው ነው፡፡ ጄምስ መሬይ ስፓንግለር በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ካንተን ከተማ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ነበር፡፡ አስም ነበረበት፤ የሚጠርግበት መሣሪያ የሚያስነሳው አቧራ ያስለው ነበር፡፡ የአየር ማራገቢያ ሞተርን፣ የመጥረጊያ እጀታንና የትራስ ጨርቅን አገጣጥሞ አቧራውን ትራሱ ውስጥ የሚያጠራቅም ማሽን ሠራና እ.ኤ.አ. በ1908 የፈጠራ መብት አገኘበት፡፡ መብቱን ዊልያም ሁቨር የተባለ የቆዳ ዕቃ ነጋዴ ገዛው፤ የቀረው ታሪክ ይታወቃል፡፡ ልብ በሉ፤ የቤት ቫኪዩም የተሠራው ምቾት ፈላጊ ባለጸጋ ስለጠየቀው አይደለም፡፡ መጥረግ ያሳመመው ሠራተኛ ነው የሠራው፡፡

ስለ ሠራተኛ ካነሳን፣ በእኛ ከተማ ደረቅ ወለል የሚጠርገው ማን እንደሆነ እናውቃለን፡፡ እኛ ወደ ቢሮ እንሄዳለን፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ አጎንብሳ በአጭር መጥረጊያ አልጋ ሥር የምትገባው የቤት ሠራተኛ ናት፡፡ አፍንጫዋ ከአቧራው ግማሽ ሜትር አይርቅም፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠረን ሰው ስለማይመለከት፣ ፋብሪካ ውስጥ ብትሆን አሠሪዋ ሊያቀርብላት የሚገባውን የአፍ መሸፈኛ ቤት ውስጥ የሚጠይቅላት ሕግ የለም፤ የእኛው ኅሊና ብቻ ነው፡፡ ረጅም እጀታ ያለው መጥረጊያ መግዛት ቢያንስ ወገቧንና አፍንጫዋን ከወለሉ ያርቃል፡፡ እኛ ቤት የምትሠራው ልጅ ቫኪዩሙን መጀመሪያ ያየች ጊዜ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር የጮኸውን ያህል አያጸዳም» ነበር ያለችኝ፡፡ ለምን እንዳለች ወደ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ምክንያት ነበራት፡፡

ቫኪዩም አቧራውን ሳያስነሳ ይስባል የሚባለው እውነት የሚሆነው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፡፡ የመጀመሪያው ማጣሪያው ነው፡፡ ማሽኑ የሳበውን አየር መልሶ ይተፋዋል፤ ማጣሪያው ደካማ ከሆነ ትልቁን አስቀርቶ ደቃቁን ከጀርባው ይረጨዋል፡፡ ያኔ ከመጥረጊያ በምንም አይሻልም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 አውስትራሊያ ውስጥ 21 ቫኪዩሞች ተመርምረው በወጣ ጥናት፣ ማሽኖቹ ራሳቸው ወደ አየር የሚለቁት ብናኝ ከአንዱ ወደ ሌላው እጅግ እንደሚለያይ ታይቷል፡፡ ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ በአውሮፓ ደረጃ ኤች 13 ከሆነ ለመያዝ እጅግ አስቸጋሪ ከሆነው መጠን 99.95 በመቶውን ያስቀራል፡፡ ካርቶኑ ላይ «ሄፓ ዓይነት» ወይም «ሄፓ መሰል» የሚል ከሆነ ግን ምንም ቃል አልተገባልዎትም፡፡ ማጣሪያው ጥሩ ሆኖ ክዳኑ በደንብ የማይገጥም ከሆነም አየሩ በጎን ያመልጣል፡፡ ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ ቀላል ፈተና አለ፤ ክፍሉን አጨልመው ማሽኑን ያስነሡ፣ ትንሽ ዱቄት ያስቡት፣ አየር በሚወጣበት በኩል የእጅ ባትሪ ያብሩ፡፡ በብርሃኑ ውስጥ ጭስ የመሰለ ነገር ከታየ ይተዉት፡፡

ሁለተኛው አፉ ነው፡፡ አብዛኛው ማሽን ለፈረንጅ ምንጣፍ የተሠራ በመሆኑ አፉ ላይ የሚሽከረከር ጠንካራ ብሩሽ አለው፡፡ ምንጣፍ ላይ ያራግፋል፤ ሴራሚክ ላይ ግን አሸዋውንና ሩዙን ከፊቱ ይፈናጥረዋል፡፡ የልጅቷ ቅሬታ ይህ ነበር፤ ማሽኑ እየጮኸ ጤፉ ወደ ግድግዳ ጥግ ይሸሻል፡፡ ብሩሹን የሚያጠፋ መጫኛ ካለ ይጠፋ፤ ከሌለ ለጠንካራ ወለል የሚሆን፣ በዙሪያው ለስላሳ ፀጉር ያለው ጠፍጣፋ አፍ ተለይቶ ይገዛ፡፡ እኛ ይህን ከገዛን በኋላ ቅሬታው ቀረ፡፡ ሦስተኛው አቧራው የሚጠራቀምበት ነው፡፡ ከረጢት ያለው ሲደፋ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ልኩ የሚሆን ከረጢት አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛል ወይ የሚለውን ማሽኑን ከመክፈላችን በፊት መጠየቅ አለብን፡፡ ከረጢት አልባው ወጪ የለውም፤ ሲደፋ ግን የሳበውን ሁሉ ደፊው ፊት ላይ ይመልሳል፡፡ ውጭ ወጥቶ፣ ጎድጓዳውን ፌስታል ውስጥ አስገብቶ፣ አፉን ጨብጦ ቀስ ብሎ መገልበጥ ነው፡፡

ዋት ላይ ሻጮች ያሞኙናል፡፡ «ሁለት ሺሕ ዋት ነው» ማለት ብዙ መብራት ይበላል ማለት እንጂ ብዙ ይስባል ማለት አይደለም፡፡ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2017 ጀምሮ ከ900 ዋት በላይ የሆነ የቤት ቫኪዩም እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ የአውሮፓ ቤቶችም ቆሻሻ ውስጥ አልሰመጡም፡፡ ለመብራት ሒሳብ የሚሠጋ ሰው ይህን ያስላ፤ 1,400 ዋት የሆነ ማሽን በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን 20 ደቂቃ ቢሠራ በወር ስድስት ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፡፡ 3,500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ አንድ ሰዓት ሲጣድ ብቻውን 3.5 ይወስዳል፡፡ ስለዚህ የወሩ ቫኪዩም ሁለት ጊዜ እንጀራ ከመጋገር አይበልጥም፡፡ ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ቦታ ነው፡፡ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማሠራት ብሬከር ያስጥላል፤ ቀጭን ማራዘሚያ ገመድም ይግላል፡፡ መብራት ተቋርጦ ሲመለስ በሚኖረው መዋዠቅ ሞተሩ እንዳይጎዳ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል ይበቃል፡፡ በባትሪ የሚሠሩት ለእኛ መብራት ሁኔታ ይመቻሉ፤ ባትሪያቸው ሲደክም ግን መተኪያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፡፡ ራሳቸው እየዞሩ የሚጠርጉትን ሮቦቶች ጎረቤት ቤት አይቻለሁ፤ ለሰፋ ሳሎን ናቸው፣ በርጩማና ረከቦት በበዛበት ቤት ይደናገራሉ፡፡

አሁን ወደ ቤታችን ጉዳዮች፡፡ ቫኪዩም የተሠራበት አገር ቄጤማ አይጎዘጎዝም፤ ስለዚህ መመሪያው ላይ የማይገኝ ነገር አለ፡፡ ቄጤማ ትኩስም ሆነ ጠውልጎ ቱቦውን ይደፍናል፤ በእጅ ተለቅሞ፣ ቀሪው በመጥረጊያ ይወጣ፡፡ ፈንዲሻም እንዲሁ፡፡ የከሰል አመድ ፈጽሞ በቤት ቫኪዩም አይሳብም፡፡ የበረደ የሚመስል አመድ ውስጥ ፍም ይኖራል፤ አየር ሲያገኝ ይቀጣጠልና ከረጢቱን ያነድደዋል፡፡ የበረደውም ቢሆን እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ማጣሪያውን በአንድ ቀን ይዘጋዋል፡፡ ሲሚንቶና ጄሶም እንደዚሁ ናቸው፤ የቤት እድሳት አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ይነሳ፡፡ በርበሬ ከፈሰሰ፣ ማጣሪያው አስተማማኝ ካልሆነ፣ ቤተሰቡን በሙሉ ያስነጥሳል፤ ይህን ለመሞከር ፍላጎት ያለው ሰው በራሱ ኃላፊነት ይሞክር፡፡ ጤፍ ግን የቫኪዩም ነው፡፡ በታይል መጋጠሚያ የገባን ጤፍ መጥረጊያ አያወጣውም፡፡ የአልጋ ሥር፣ የሶፋ ሥር፣ የመስኮት ሐዲድ፣ የግድግዳ ጥግ፣ እነዚህም የእሱ ናቸው፡፡

አንድ ነገር በሁለቱም አይነካም፤ የአይጥ ኩስ፡፡ በመጥረግም በመሳብም በውስጡ ያለው ተህዋሲ ከአየር ጋር ይቀላቀላል፡፡ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የሚመክረው ጓንት አጥልቆ፣ በውሃ የተበረዘ በረኪና ረጭቶ፣ አምስት ደቂቃ አቆይቶ፣ በወረቀት አንስቶ መጣልን ነው፡፡

ውሃ ላይ እንምጣ፡፡ ደቃቅ አቧራን የመጨረሻ የሚያነሳው እርጥብ መወልወያ ነው፤ ቫኪዩምም ቢሆን ወለሉ ላይ ተጣብቆ የቀረውን አይነካውም፡፡ የአቃቂ የከርሰ ምድር ውሃ ለአዲስ አበባ ከሚደርሱት ዋና ምንጮች አንዱ ነው፤ ቧንቧችን ግን በፈረቃ ነው፡፡ ስለዚህ በባልዲ ውሃ እያፈሰሱ ማጠብ ለእኛ የሚሆን አይደለም፤ አስፈላጊም አይደለም፡፡ ማይክሮፋይበር የሚባለው ጠፍጣፋ መወልወያ በደንብ ተጨምቆ፣ እርጥብ ሳይሆን ርጥብ ርጥብ ብሎ ከተጎተተ ሁለት ክፍል በሦስት ሊትር ውሃ ይጸዳል፡፡ ይኸው ጨርቅ በደረቁም አቧራ ይይዛል፤ ጭረቶቹ እጅግ ቀጫጭን ስለሆኑ ብናኙ በመካከላቸው ይቀረቀራል፤ እንደ መጥረጊያም አይፈናጥርም፡፡ ዋጋው ከቫኪዩም ጋር የሚነጻጸር አይደለም፡፡ አንድ ሰው ሁለቱን መግዛት ባይችልና ከአንዱ ምረጥ ቢለኝ፣ ርካሽ ማጣሪያ ካለው ቫኪዩም ይልቅ ረጅም እጀታ ያለው ማይክሮፋይበርና አንድ ለስላሳ መጥረጊያ እንዲገዛ እነግረዋለሁ፡፡ ቫኪዩም ግዛ የምለው ቤት ውስጥ አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው ካለ፣ ወለሉ ፓርኬ ወይም ጣውላ ከሆነ፣ ወይም ምንጣፍም ካለ ነው፤ ያኔም ማጣሪያው ላይ አይቆጠብ፡፡

እኛ ቤት አሁን ሥራው እንዲህ ሆኗል፡፡ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ ነው የሚጀመረው፡፡ ወደ ዋናው መንገድ የሚያየው መስኮት ይዘጋል፣ የጓሮው ይከፈታል፡፡ ወጥ ቤቱና መተላለፊያው በመጥረጊያ ይጠረጋሉ፤ መጥረጊያው ራሱ ርጥብ ጨርቅ ተጠምጥሞበት፣ ጫፉ ከወለሉ ሳይነሳ በአጭር በአጭሩ እየተጎተተ፣ ከግድግዳ ወደ መሐል፡፡ መኝታ ቤቶቹ በቫኪዩም፣ ቀስ ተብሎ፤ ቸኩሎ መግፋት ለመጮህ እንጂ ለመሳብ ጊዜ አይሰጠውም፡፡ ከዚያ መወልወያው ይከተላል፡፡ ደረቅ መጥረጊያ መኝታ ቤት ከገባ አንድ ዓመት አልፎታል፡፡ የልጅቷ የሌሊት ሳል ቀንሷል፤ ሆኖም በዚያው ጊዜ መድኃኒቷ ስለተስተካከለና አሮጌውን ምንጣፍ ስላወጣን፣ ለቫኪዩሙ ብቻ ውለታውን አልሰጥም፡፡ የቤታችን ሠራተኛ ግን ጠዋት ጠዋት የሚይዛት ማስነጠስ ጠፍቷል፤ እሷ መድኃኒት አልቀየረችም፡፡

የጫማውን ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባም፡፡ የወለል አሸዋ በአብዛኛው የሚገባው በእግር ነው፡፡ ደጃፍ ላይ ሻካራ እግር መጥረጊያ፣ ከውስጥ ደግሞ ጫማ ማውለቂያ ቦታ ማዘጋጀት የሚጠረገውን ራሱን ይቀንሳል፡፡ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ኮትቻው ጫማ ሥር ተጣብቆ በሚገባበት ወቅት፣ ጭቃውን እርጥብ እያለ ከማዳረስ ደርቆ እስኪላቀቅ ትቶ ማንሳት ይሻላል፡፡ እንግዳን «ጫማዎን ያውልቁ» ማለት የሚከብደን ሕዝብ ነን፤ እኛ በሩ አጠገብ ነጠላ ጫማዎችን ደርድረን ማስቀመጥ ጀምረናል፣ አብዛኛው ሰው ሳይነገረው ይገባዋል፡፡

ስለ ጥገና ጥቂት ላክል፡፡ የሳር መጥረጊያ ሲቆይ ጫፉ ይሰባበርና ራሱ ቆሻሻ ያፈሳል፤ ያኔ ለግቢ ይሰጥ፡፡ የፕላስቲኩ በወር አንዴ በሳሙና ይታጠብና ጭረቱ እንዳይጣመም ተሰቅሎ ይድረቅ፡፡ የመወልወያው ጨርቅ በበረኪና ከታጠበ አቧራ የመያዝ አቅሙን ያጣል፤ ሳሙና ይበቃዋል፡፡ የቫኪዩም ማጣሪያ ሁሉ አይታጠብም፤ የሚታጠብ መሆኑ ላዩ ላይ ወይም መመሪያው ላይ ተጽፎ ይገኛል፡፡ ከታጠበ ደግሞ ጨርሶ ሳይደርቅ መመለስ የለበትም፤ እርጥብ ማጣሪያ ይሻግታል፣ ሞተሩንም ይጎዳል፡፡ ሙሉ ቀን፣ ክረምት ከሆነ ሁለት ቀን ይፈልጋል፡፡ ሲሰጣ ግን በጓሮ በኩል ይሁን፤ ወደ መንገድ በሚያየው በረንዳ ላይ ከሆነ ሲደርቅ ከመታጠቡ በፊት ከነበረው ብሶ ይገኛል፡፡